ሆርኑ የሚቀበልበት ቦታ

«እሱን ነገር ከዚያ አንሱልኝ!» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰማቸው።

«እሱ ነገር» የተባለው ሆርን ነው። የልጃቸው የስመኝ ባል፣ የካሱ ሆርን፤ ቱቦው ዞሮ ዞሮ የተጠቀለለ፣ አፉ እንደ ሳፋ የተከፈተ የናስ መሣሪያ። አሁን በድንኳኑ መሀል፣ ለለቀስተኛ በተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጧል። ከሥሩ ነጭ ቡሉኮ ተነጥፎለታል። ያስቀመጡት የካሱ እናት ወለቴ ናቸው። ጠዋት ደጋ ካለው መንደራቸው፣ ከኦቾሎ ወርደው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ቤት ገቡ፣ ሆርኑን ከግድግዳው አወረዱ፣ ከትከሻቸው ላይ ቡሉኳቸውን ገፈው አነጠፉለትና እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ይኸው እስካሁን ከእግሩ ሥር ናቸው።

«አባዬ፣ ተዋቸው» አለች ስመኝ።

«እንዴት ነው የምተዋቸው? የእድሩ ሰው ምን ይላል? ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ሙዚቃ ቤት?»

«ልጃቸው ነው እኮ የሞተው።»

«ያንቺስ ባል አይደለም? አንቺ እንደ ሰው ተቀምጠሽ የለም ወይ?»

እንደ ሰው መቀመጥ! ስመኝ እንኳን እንደ ሰው ልትቀመጥ፣ ትንፋሿ አንገቷ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድ ብሏታል። ፍሉት ነፊ ናት፤ መተንፈስ ሙያዋ ነው። ተማሪዎቿን «ከሆዳችሁ ተንፍሱ» ስትል የምትውል የሙዚቃና የሥነ ውበት መምህርት ናት። ካሱ ከሞተ ወዲህ ግን አየሩ አንገቷ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ይህን ለማን ትንገር? ባሏ የሞተባት ሴት ትንፋሽ አጠረኝ ብትል «ሐዘን ነው፣ ጠላ ቅመሺ» ከመባል በቀር ምን ታተርፋለች?

ጥግ ላይ የእድሩ ሴቶች ንፍሮ እየቆነጠሩ ይንሾካሾካሉ። «ፊቱን ሳያዩ ስለተቀበረባቸው ነው። አይፈረድባቸውም።»

«ምናለ ትንሽ ቢጠብቋቸው ኖሮ?»

«በዚህ ሙቀት?»

«ቢሆንም እናት ናት። እናት!»

ሹክሹክታ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከጩኸት ይብሳል። ስመኝ አንዷም ቃል አላመለጠቻትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሱን ወባ ወሰደው። ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ። «ወባ ናት፣ ታልፋለች» አለ፤ እሷም «ታልፋለች» አለች። አርባ ምንጭ ላይ ወባን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል! ወደ አንጎሉ ወጣችና ማንነቱን አስረሳችው፤ ሆስፒታል አደረሱት፤ አልተመለሰም። ወደ ኦቾሎ ሲደወል ስልኩ አይሰራም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል ተባለ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሥራ ከጎጃም መጥተው እዚሁ ሴቻ ሰፈር ጡረታ የወጡ፣ ነገር በወግ በወጉ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። «ይህ ሙቀት አስከሬን አያቆይም፤ ዛሬውኑ ይቀበር» አሉና ልጃቸውን አዩዋት። ስመኝ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ምነው ያን ጊዜ አንገቷን በቆለፈው! በማግስቱ ወለቴ ጭቃውን በእግራቸው፣ የቀረውን በአይሱዙ አድርገው ሲደርሱ ልጃቸው አፈር ለብሶ፣ አበባ ተቀምጦበት ነበር።

አብረዋቸው የወረዱት የኦቾሎ ዘመዶች በአገራቸው ወግ አስከሬኑን ከበው ሊሮጡ፣ ሊዘሉ፣ እየጨፈሩ ሊያለቅሱ ነበር የመጡት። የሚከቡት ሲያጡ የድንኳኑን ጥግ ይዘው ተደረደሩ። ወለቴም አላለቀሱም። አንዲት ጩኸት እንኳ ከአፋቸው አልወጣችም። የሰው ሁሉ ሆድ የባባው በዚህ ነው።

«ስመኝ» አሉ ከሆርኑ ሥር። «አንተ ና።»

ወለቴ አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም። ካሱ በዚህ ይስቅ ነበር። «እናቴ ዘንድ ሴት የለም፣ ሁላችንም ጎረምሳ ነን» ይል ነበር።

ስመኝ ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች። ወለቴ ጣታቸውን ድንኳኑ ውስጥ ወደ ተሰቀለው የካሱ ፎቶ ቀሰሩ። ካሱ በፎቶው ላይ ሆርኑን ታቅፎ ይስቃል፤ ቀኝ እጁ በሆርኑ ሰፊ አፍ ውስጥ እስከ አንጓው ገብቷል።

«እጁን ለምን ከተተ?»

«ድምፁን የሚገራው በእጁ ነው፣ እማማ። እጁ ከሌለበት ይጮኻል። ሲያስገባው ይለሰልሳል።»

ወለቴ የሆርኑን አፍ አዩ። ከዚያ ፎቶውን። ከዚያ ደግሞ ሆርኑን።

«እኔ ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «ስጨርስ መጥተህ ትሰማለህ ይለኛል። ሁልጊዜ ስጨርስ ይለኛል። ጨረሰ?»

«ጨርሷል፣ እማማ።»

«ፊቱን ቀበርክ። እሺ። ድምፁን ስጠኝ።» በጋሞኛ ለዘመዶቻቸው አንድ ነገር ተናገሩና ተመለሱ። «ነገ ድንኳን ይፈርሳል፤ እኛ እንሄዳለን። ባዶ እጄን አልሄድም።»

ስመኝ «እሺ» አለች። ምን እሺ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ከሞተ ሰው ድምፅ ከየት ይመጣል? ግን ለእኚህ ሴት አንድ ጊዜ ራሷን ነቅንቃ ልጃቸውን ቀብራባቸዋለች፤ አሁን «አይሆንም» የምትልበት አፍ ከየት ታምጣ?

ካሱ ሲጽፈው የኖረው የዳንስ ሙዚቃ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ ለአንድ መስፍን አዳራሽ ያዘጋጀው፣ አንዱ ዳንስ ሲያልቅ ሌላው የሚከተል፣ በቫዮሊንና በቫዮሊን ዘመዶች ብቻ የሚጫወቱት። ካሱ ይህን ለአምስት ነፊዎች ሊያዘጋጀው ተነሳ፤ ለስመኝ ፍሉት፣ ለእድላዊት ኦቦ፣ ለአሸናፊ ክላርኔት፣ ለራሱ ሆርንና ለሻምበል ሰይፈሥላሴ ባሱን። ምን አግብቶት? ማንም አላዘዘውም። አምስቱ ተሰብስበው የሚነፉት ቅዳሜ ቅዳሜ በዚችው ቤት ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ነው፤ አድማጫቸው የጎረቤት ዶሮ ነው።

ትዝ ይላታል፤ መጀመሪያ ኖታውን ከፊቱ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ሲይዝ።

«ስሜ፣ ይሄ ሰውዬ ሰው እንደሚተነፍስ ረስቷል እኮ!»

«ለቫዮሊን ነዋ የጻፈው።»

«እሱን ነው የምልሽ። ቫዮሊን ሳንባ የለውም። እጅ እስኪደክም ይሄዳል። እኛ በዚህ ዓይነት ሁለተኛው ገጽ ላይ ሞተን እንገኛለን!»

እየሳቀ ነበር ሞተን እንገኛለን ያለው። ወይ አለማወቅ!

መላውን ያገኘው ከአገሩ ነው። ልጅ ሳለ ኦቾሎ ላይ ዋሽንት ይነፋ ነበር። የእነሱ መንደር ዋሽንት ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ ቀርከሃ ነው፤ አንዱ ቀርከሃ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ብቻህን ብትይዘው ጠርሙስ ከመንፋት አይሻልም። ሲሰበሰቡ ግን አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ያ ሲተነፍስ ይሄኛው ይነፋል፤ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይዞራል። ካሱ ወደ ጦር ሠራዊቱ ባንድ ሲገባ በዚያው ትንፋሽ ነው የገባው። የጀርመኑንም ዳንስ በዚያው ዘዴ በታተነው። ቫዮሊኑ ሳያቋርጥ የሚወርደውን ረጅም ዜማ ቆራርጦ ለአምስት አፍ አደለ። የማን ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። እድላዊት ስትፈራ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ አሸናፊ ሲጋራ ያጨሳል፤ ሻምበል ሰይፈሥላሴ አርጅተዋል። ይህን ሁሉ አስቦ ነው የጻፈው። ለሰው ልብስ እንደሚለካ ልብስ ሰፊ፣ ትንፋሻቸውን ለክቶ።

ከሁሉም የሚወደው ዝግ ብሎ የሚረገጠውን ዳንስ ነበር፣ ሳራባንድ የሚሉትን። እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ፍሉቱ ብቻውን እየወጣ፣ እየወጣ ይሄድና ከሁሉ በላይ ባለው ድምፅ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ መቆየት አለበት። ስመኝ ሁልጊዜ እዚያ ስትደርስ ትንፋሽ ለመቆጠብ ትሳሳለች፣ ድምፁም ይቀጥንባታል።

«አትቆጥቢ» አላት ካሱ አንድ ቅዳሜ። «እስከ መጨረሻው አውጪው፣ ጥርግ አድርገሽ። ሲያልቅብሽ እኔ ከሥር እቀበልሻለሁ።»

«ብትዘገይስ?»

«መች ዘግይቼ አውቃለሁ?»

እውነትም ዘግይቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ዞራ አይታው እንኳ አታውቅም። ትንፋሿን አሟጣ ትተወዋለች፤ ሆርኑ ከሥር ይመጣል፤ እሷ በዚያ መሀል ትተነፍሳለች። አሁን የት ላይ ትተንፍስ?

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ መጡ። ሻምበል ሰይፈሥላሴ፣ ጋሽ ሰይፌ የሚሏቸው፣ የባንድ ጡረተኛ ናቸው፤ ካሱን በጎረምሳነቱ ከባንዱ በር ላይ ተቀብለው ሆርን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። አሸናፊ ባንክ ቤት ይሰራል። እድላዊት የካሱ ተማሪ ነበረች፤ ዓይኗ አብጦ አይታይም። ስመኝ ወደ ጓሮ፣ ወደ ማንጎው ወሰደቻቸውና የወለቴን ነገር ነገረቻቸው።

«አራት ሆነን?» አለ አሸናፊ። «ሆርን የሌለው ነገር እንዴት ይሆናል?»

«የሱን እከፋፍለዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለአንተም፣ ለጋሽ ሰይፌም፣ ለእድላዊትም። ሳራባንዱን ብቻ። ነገ ጠዋት እንድትነፉልኝ። ለእናቱ ሙሉ ነገር ልስጣቸው። የጎደለ ነገር አልሰጣቸውም፣ ጎዶሎውን ጠግበውታል።»

ጋሽ ሰይፌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «አዘጋጂው ልጄ» አሉ። «እንነፋለን።»

ጓዳ ገባች፤ እርሳስና ላጲስ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጪ ለቀስተኛ ይገባል፣ ይወጣል። «እግዜር ያጽናሽ» ሊሏት የመጡት «የት ሄደች?» ይላሉ፤ አንዷ «ጋደም ብላ ነው» ትልላታለች። እሷ የካሱን መስመር ከፊቷ ዘርግታ ቁልቁል ታያለች። ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ ግን በእያንዳንዳቸው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማታል። ይሄን ረጅሙን ለክላርኔት ሰጠች። አሸናፊ አይችለውም፤ መልሳ ለሁለት ቆረጠችው፤ ግማሹን ለባሱን። መሀል ላይ ኅብሩን የሚያሞቀውን ለኦቦ። የሟች ልብስ አውጥቶ ለዘመድ እንደማደል ነው፤ ኮቱን ለአንዱ፣ ጫማውን ለሌላው። ያች ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፍሉቱ ከላይ የሚያልቅበት፣ ሆርኑ ከሥር የሚቀበልበት ቦታ ላይ።

ለማን ትስጠው? «እኔ እቀበልሻለሁ» ያላትን ቃል ለማን ታውርሰው?

አለቀሰች፤ ድምፅ ሳይወጣት፣ ትራሱን ነክሳ። ከዚያ በላጲስ ፋቀችውና ለክላርኔት ሰጠችው።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ናቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሙዚቃ ነው፣ አባዬ። ነገ እንጫወታለን። ለእናቱ።»

«ምን ዓይነት ሙዚቃ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «የዳንስ ነው» አለች።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሩን ከኋላቸው ዘጉ። «አብደሻል? ባልሽ በተቀበረ በሰልስቱ ዳንስ? ቄሱ እዚህ ተቀምጠው? እኔ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት በክብር ኖሬ…»

«አባዬ!» ስትጮህ ራሷም ደነገጠች። «እናቱን ልጃቸውን አላስቀበርናቸውም። እኔና አንተ ነን። አንተ ተናገርክ፣ እኔ ነቀነቅኩ። አንድ ቀን ብንጠብቅ ምን ይሆን ነበር? ይሸታል ነው? ይሽተት! እናቱ አይደሉም? አሁን ምን ልስጣቸው? ንገረኝ። በክብር የኖርክበትን ከተማ ልስጣቸው?»

ሽማግሌው በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰላት። ወጥተው በሩን ቀስ አድርገው ገጠሙት። ስመኝ እርሳሷን አነሳች። ማዘን ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሴቻ ቁልቁል ሐይቁ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። ሰልስቱ ስለሆነ ሰው በዝቷል። የካሱ ዘመድ ከላንቴ ሙዝ በዘለላ ጭኖ መጥቷል፤ ሻይና ቡና በፔርሙዝ ይዞራል። አራቱ በድንኳኑ መግቢያ በኩል ወንበር አድርገው ሲቀመጡና መሣሪያቸውን ሲያወጡ ጉምጉምታ ሆነ። «እንዴ! ምን ሊሆን ነው?» ያለችም አለች። «ጉድ እኮ ነው፣ ባሏ እንኳ ሳይቀዘቅዝ!» ያለችም አልጠፋችም። ጋሽ ሰይፌ ተነሱ።

«እኔ ስንት ጄኔራል በማርሽ የቀበርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ይህን ልጅ ያለ አንድ ድምፅ ቀብሬዋለሁ። ዝም በሉ!»

ተቀመጡና ለሦስቱ በዓይናቸው ምልክት ሰጡ።

ተጫወቱ። እውነት ለመናገር፣ አማረ። ስመኝ ጓዳ ውስጥ በስቃይ የቆራረጠችው ሁሉ ገጠመ። ክላርኔቱ ያን ቦታ በጊዜው ተቀበላት፤ ትንሽ ሻከር አለ እንጂ አልዘገየም። የትም ቦታ ላይ ስንጥቅ አልነበረም። እድላዊት እያለቀሰች ነፋች። የከተማው ለቀስተኛ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ያቺ ጉድ ያለችዋ ሴት እንኳ አፍንጫዋን ጠረገች። አለቀ። ስመኝ ፍሉቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለቴን አየች።

ወለቴ እንደ ተቀመጡ ናቸው፣ መሬት ላይ፣ ከሆርኑ ሥር። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«ጨረስክ?» አሉ።

«አዎ እማማ። ይሄ ነው የካሱ።»

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

ስመኝ ያልሰማች መስሏት «አቤት እማማ?» አለች።

«ማነው የሞተው?» ወለቴ ተነሱ፤ ድምፃቸው ተነሳ። «ምን ጎደለ? ምንም አልጎደለም! ልጄ ከሌለ እንዴት ሞላ? እኛ አገር ሰው ሲሞት ዋሽንት ይሰበራል። የሱ ድምፅ ጋ ሲደርስ ማንም አይነፋም። ዝም ይባላል። ዘፈኑ ያነክሳል። ያን ጊዜ ነው ሰው ይሄ ነው የሞተው የሚለው። ያን ጊዜ ነው እናቱ የምትጮኸው!» ደረታቸውን መቱ። «እኔ የት ልጩህ? የት አስቀመጥክልኝ? ልጄን ቀበርክ፣ አፈር መለስክበት፣ እሺ አልኩ። አሁን የድምፁን ቦታም ሞላህብኝ። አንተ መሙላት ብቻ ነው የምታውቀው?»

ከኦቾሎ የመጡት ሰዎች ራሳቸውን ደፉ። ሌሊቱን ሙሉ ለእኚህ ሴት ስትል የገዛ ባሏን ድምፅ በላጲስ ስትፍቅ ያደረች ሴት፣ አሁን ያን ላጲስ ብትውጠው በወደደች! መሬቱ ቢከፈት በገባች! ግን መሬቱ አልተከፈተም፤ ወለቴም ቆመው ያዩዋታል።

ወደ ሦስቱ ዞረች። «የድሮውን አውጡ» አለች። «የካሱን፣ አምስት ሰው የሚነፋውን።»

«ስመኝ፣ ይሰበራል እኮ» አለ አሸናፊ በሹክሹክታ። «መሀሉ ሁሉ ባዶ ነው የሚሆነው። ያ ቦታማ…»

«ይሰበር።»

«ለሰው ጆሮ…»

«ይሰበር አልኩህ አሸናፊ! ተሰብሮ የለም እንዴ?»

ጋሽ ሰይፌ ወረቀታቸውን ገልብጠው ወንበራቸውን ወደ ጎን ገፉ። በእሳቸውና በአሸናፊ መሀል የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ፤ ካሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጥበት ቦታ። እዚያ የሚቀመጠውን ማን ያምጣ? ሁሉም ተያየ። ያን ጊዜ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከቄሱ አጠገብ ተነሱ። በሰው መሀል አልፈው ወደ ሆርኑ ሄዱ። ወለቴን ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም። ጎንበስ ብለው ወንበሩን ከነሆርኑ፣ ከነቡሉኮው አነሱት፤ ወገባቸው እያመማቸው ተሸክመው አምጥተው በተከፈተው ቦታ ላይ በጥንቃቄ አሳረፉት። ከዚያ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ጥግ ላይ ቆመው ቀሩ። ወለቴም ወንበሩን ተከትለው መጡና ከሥሩ ተቀመጡ።

ጀመሩ።

አሁንማ ዜማው አነከሰ። ሦስት እርምጃ ይሄድና ይሰናከላል። መሀሉ ላይ የነበረው ሙቀት የለም፤ ክላርኔቱና ባሱኑ በሁለት ዳር ቆመው የሚጠራሩ ይመስላሉ። ሙዚቃ የማያውቀው ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደሌለ ገባው። አንዲት የሰፈር ሴት «ወይኔ» አለች፣ ማለቷንም ሳታውቀው። የኦቾሎ ሰዎች አንድ በአንድ ከጥጉ ተነሱ።

ስመኝ ብቻዋን መውጣት ጀመረች። አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ። ከፊቷ ምን እንዳለ ታውቃለች። «አትቆጥቢ» ያለው ጆሮዋ ውስጥ ነው። አልቆጠበችም። ከላይ ባለው ድምፅ ላይ ወጣችና ያላትን ሁሉ፣ ከሞተ ጀምሮ አንገቷ ላይ ተሰንቅሮ የነበረውን ሁሉ አወጣችው። ዓይኗ ጨለመ። ጥርግ አለ። ተወችው።

ማንም አልተቀበላትም።

ከሥር የጋሽ ሰይፌ ባሱን ብቻውን፣ ዝግ ብሎ ይረግጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየች። ወንበሩ፣ ሆርኑ፣ ነጭ ቡሉኮው። ሰው የለም። ካሱ ዘግይቶ አይደለም። ካሱ የለም።

ወለቴ ጮኹ።

ጩኸት አይባልም ያ። ከሆዳቸው ሥር ተነስቶ፣ ሰው ውስጥ ይኖራል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ ወጣ። የኦቾሎ ሰዎች ተቀበሏቸው። ከድንኳኑ ወጥተው በደጁ አቧራ ላይ መዝለል፣ መሮጥ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ስሙን መጥራት ጀመሩ። የእድሩ ሴቶችም ተነሱ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው አለቀሱ። አራቱ አላቆሙም። ጋሽ ሰይፌ በእግራቸው እየቆጠሩ መሩ፤ የካሱ ቦታ እስኪያልፍ ጠበቁለት፤ ሲያልፍ ስመኝ ፍሉቷን አነሳችና ገባች። የሚጮኸው ሰው መሀል፣ ያ አንካሳ ዳንስ እየተሰናከለ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሲያልቅ ከመጨረሻው ኅብር ውስጥም አንድ ድምፅ ጎደለ።

ጩኸቱ በርዶ፣ የኦቾሎ ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ፣ ስመኝ ወለቴን ፈልጋ አየች። መሬት ላይ ናቸው። ፊታቸው በእንባና በአቧራ ተለቅልቋል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ልክ እንደ ፎቶው፣ በሆርኑ ሰፊ አፍ ውስጥ ቀስ አድርገው አስገቡት፤ እስከ አንጓቸው። ወደ ውስጥ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። የካሱ እጅ ለዓመታት እየታከከ ያለሰለሰውን ቦታ ጣታቸው አገኘው።

«እዚህ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። እዚያ ነበር።»

የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሸራው ወረደና ፀሐዩ ገባባቸው። ወለቴ እጃቸውን አላወጡም።